ሳክቪልን በ1942 መልኳ፦ የአንዲት ኮርቬት ሞዴል የሥራ ማስታወሻ

ኦክቶበር። ልኬትና ዓመት

የምሠራት የካናዳ ባሕር ኃይል አጃቢ መርከብ የነበረችውን ኤች ኤም ሲ ኤስ ሳክቪልን ነው። መለያ ቁጥሯ ኬ181። ልኬቱ 1 ለ72። እውነተኛዋ 62.5 ሜትር ትረዝማለች፤ የኔዋ 86.8 ሴንቲሜትር ትሆናለች። ወርዷ 10.1 ሜትር ነው፤ በሞዴሉ 14 ሴንቲሜትር። ውኃ ላይ የምትሄድ፣ በሪሞት የምትነዳ እንድትሆን ነው የፈለግሁት። 1 ለ48 ሳያምረኝ አልቀረም፤ ግን ርዝመቷ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል፣ ከቤዝመንቱ ደረጃ አልፋ አትወጣም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቧ እዚሁ ሃሊፋክስ አለች። በሞቃቱ ወራት ወደቡ ዳር፣ ከአትላንቲክ የባሕር ሙዚየም አጠገብ ትቆማለች። በበረዶው ወራት ባሕር ኃይሉ ግቢ ውስጥ ትገባለች። በጦርነቱ ጊዜ ከ260 በላይ የፍላወር ክላስ ኮርቬቶች (ትንንሽ አጃቢ የጦር መርከቦች) ተሠርተው ነበር፤ ዛሬ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ባለቤቴ «እውነተኛዋ እዚህ ቆማ አንተ ፎቶ ላይ ምን ያፈጥጥሃል?» ትለኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደቡ ላይ ያለችው ሳክቪል የታደሰችው በ1944 መልኳ ነው። ያ መልክ ቆንጆ ነው፤ የፊት ወለሏ ረጅም፣ ራዳሯ ዘመናዊ፣ ሁሉ ነገር የተሟላላት። ግን ሳክቪል ስሟን ያስጠራችበት ውጊያ ኦገስት 1942 ላይ ነው። ያኔ ከእነዚህ አብዛኛው አልነበራትም። እኔ የምፈልገው ያቺን፣ ያልተሟላላትን ሳክቪል ነው።

ለዚህ ምርጫ የሚከፈለው ዋጋ ቶሎ ገባኝ። የምነካው ዕቃ ሁሉ «መቼ የገባ ነው?» ያሰኛል። የገዛሁት ፕላን (45 ዶላር) የኋለኛውን መልክ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከፕላኑ የቀፎውን (የመርከቧን አካል) መስመር ብቻ እወስዳለሁ፤ ከወለል በላይ ያለውን ከድሮ ፎቶዎች እየለካሁ እሠራለሁ።

ኖቬምበር። ቀፎ

የጎድን አጥንቶቹን ከ3 ሚሊሜትር ፕላይውድ ቆረጥኳቸው። በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ገደማ ተደርድረዋል። ልባሱ ለስላሳ ቀጭን ጣውላ ነው፤ ውፍረቱ ሚሊሜትር ተኩል፣ ወርዱ 6። ማጣበቂያው ተራ ቪናቪል። እንጨቱ በጠቅላላ 70 ዶላር።

መካከሉ ችግር የለውም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጣጣው ኋላዋ ላይ ነው። የሳክቪል ኋላ ክብ ነው፤ ጣውላው በሁለት አቅጣጫ መጠምዘዝ አለበት። ደረቁን ሳጥፈው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ሞከርኩ፤ ይለሰልስና ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። የሠራው ሌላ ዘዴ ነው። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ጠዋት በጋለ ካውያ ቀስ እያሉ መጫን። ካውያው የባለቤቴ ነው። አሁን የራሴን ከአሮጌ ዕቃ ሱቅ በ6 ዶላር ገዝቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ይህ ክብ ኋላ የመጣው ከዓሣ ነባሪ አዳኝ ጀልባ ነው። በእንግሊዝ የስሚዝስ ዶክ ኩባንያ መሐንዲስ ዊልያም ሪድ ኮርቬቱን ሲነድፍ መነሻው ሳዘርን ፕራይድ የምትባል የዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበረች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጦር መርከብ ሠርቶ የማያውቅ ተራ የመርከብ ፋብሪካ ሊሠራው የሚችል ነገር ነበር የሚፈለገው። ሞተሩ አሮጌ ዓይነት የእንፋሎት ሞተር ነው። ቦይለር ሁለት፣ ፕሮፔለር አንድ። ንግድ መርከብ ላይ የሠራ ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል። ካናዳ ጦርነቱ ሲጀመር የነበሯት መርከቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚህ ንድፍ ግን በሐይቆቿና በወንዞቿ ዳር ሳይቀር መርከብ እያወጣች ውኃ ላይ ጣለች።

ሳክቪል ግንባታዋ የተጀመረው ሜይ 1940 ላይ ነው፤ ቦታው ሴንት ጆን፣ ኒው ብረንስዊክ። ውኃ የነካችው በዓመቱ። አገልግሎት የጀመረችው በዲሴምበር 1941 መጨረሻ። እንግሊዞቹ ለኮርቬቶቻቸው የአበባ ስም ሲያወጡ ካናዳውያን የከተማ ስም ይሰጡ ነበር፤ ሳክቪልም እዚያው ኒው ብረንስዊክ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

ቀፎው ላይ ፋይበርግላስና ኢፖክሲ (65 ዶላር) ቀባሁ። ሽታው ቤት እንዳይገባ ጋራዥ ውስጥ ነበር የቀባሁት። ጋራዡ ግን በረዶ ቤት ነው። በሦስተኛው ቀን ስነካው አሁንም እጅ ይይዛል። ኢፖክሲ በብርድ አይደርቅም፤ ጣሳው ላይም ተጽፏል። ፍቆ ማንሣት ሳያስፈልግ አልቀረም ብዬ ነበር። መጀመሪያ ግን በካርቶን ሸፍኜ ውስጡ አሮጌ አምፖል አበራሁበት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ገባ፤ በማግስቱ ጠዋት ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ እንደገና ስቱኮ። ይህን ክፍል አላብራራውም፤ አቧራ ብቻ ነው።

ዲሴምበር። የፊት ወለል

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው።

በፕላኑ መሠረት ከፍ ያለው የፊት ወለል ከአፍንጫዋ ተነሥቶ እስከ መርከቧ ወገብ ይዘልቃል። በ1942 ግን ከብሪጁ (ከመርከቧ ማዘዣ ክፍል) ፊት ያበቃ ነበር። ከዚያ ደረጃ ወርዶ አንድ ዝቅ ያለ፣ ክፍት ወለል አለ። ከዚያ በኋላ ነው ብሪጁ የሚነሣው። ስለዚህ የላይኞቹን የጎድን አጥንቶች በሴጌቶ ቆረጥኳቸው፤ አዲስ ግድግዳና በር ሠራሁ።

ይህ ጉድጓድ መሰል ወለል ሲታይ ትንሽ ነገር ነው። 11 ሴንቲሜትር አይሞላም። ነገር ግን ሰዎቹ የኖሩበትን ሕይወት የወሰነው እሱ ነው። መርከበኞቹ የሚተኙትና የሚበሉት አፍንጫው ውስጥ ነበር። ወጥ ቤቱ ደግሞ ወደ ኋላ። ምሳ የሚያመጣው ልጅ ድስቱን ተሸክሞ በዚህ ክፍት ወለል ላይ ማለፍ አለበት። ሰሜን አትላንቲክ፣ ጃንዋሪ፣ ጨለማ። ማዕበሉ አፍንጫዋን ዘሎ የሚወድቀው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው። ምግቡ ከደረሰ ቀዝቅዞ፣ አንዳንዴም ጨው ውኃ ገብቶበት ነው የሚደርሰው። አንዳንዴ አይደርስም።

መርከቧ መጀመሪያ ስትነደፍ የታሰበው 50 ለማይሞላ ሰው ነበር፤ ያውም ለባሕር ዳር ጥበቃ። ጦርነቱ ግን ወደ መካከለኛው ውቅያኖስ ገፋት። መሣሪያ በተጨመረ ቁጥር መሣሪያውን የሚይዝ ሰው ይጨመራል። 85 ገደማ ሰው ሆኑ፤ አፍንጫው ግን አልሰፋም። በዚያ ላይ አብዛኞቹ ባሕር አይተው የማያውቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። መርከበኞቹ ስለ ኮርቬት ሲቀልዱ «በጤዛ ሣር ላይም ትንገላታለች» ይሉ ነበር።

የወለሉን ጣውላ መስመር በስለታም እርሳስ ጫርኩት። በሩን መጀመሪያ ከወፍራም ወረቀት ቆረጥኩ፤ ቫርኒሽ ሲነካው አበጠ። በ0.5 ሚሊሜትር ፕላስቲክ ተካሁት። ማጠፊያው ቀጭን ሽቦ ነው። ይከፈታል። መከፈት አያስፈልገውም ነበር፤ ግን ድስት የሚወጣበት በር ነውና ዝም ብሎ መስመር ሆኖ እንዲቀር አልፈለግሁም።

አንድ የማከብራቸው ጋሼ አሉ። በጃንሆይ ጊዜ ምፅዋ ባሕር ኃይል ውስጥ ያገለገሉ ናቸው። ለገና ዋዜማ ቤት መጡና ቤዝመንት ወረዱ። መነጽራቸውን አውጥተው ወለሉን አዩት።

«ይሄ ውኃ የሚወጣበትስ?»

«የቱ ውኃ፣ ጋሼ?»

«የሚገባው ነዋ። ከገባ መውጣት አለበት። ጎኑን ብሳው።»

እውነታቸውን ነው። ፎቶው ላይ በጎኗ ግድግዳ ላይ ክፍተቶች አሉ፤ እኔ ለማስጌጥ በቀለም ልሥላቸው ነበር ያሰብኩት። በትራፓኖ በሳሁና በሞረድ አራት ማዕዘን አደረግኳቸው።

ጃንዋሪ። ብሪጅ፣ ምሰሶ፣ ራዳር

ምሰሶው ከብሪጁ ፊት ነው የሚቆመው፤ ይህም የመጀመሪያዎቹ ኮርቬቶች ምልክት ነው። በኋላ ወደ ብሪጁ ጀርባ ተዛወረ፤ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ዓይን ውስጥ ምሰሶ እንዳይቆምበት። ብሪጁ ላይ ያለችው ትንሽ የኮምፓስ ቤት የንግድ መርከብ ወግ ናት። ከፕላስቲክ ሠራኋት፤ ሁለት ምሽት ወሰደች፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ራዳሩ ግን ሥራ ነበረው። የ1944ቷ ሳክቪል ብሪጅ ላይ ፋኖስ የመሰለ ክብ ቤት አለ። እሱ የእንግሊዞቹ 271 ራዳር ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 10 ሴንቲሜትር ገደማ። ከውኃ በላይ ትንሽ ብቅ ያለ ሰርጓጅ መርከብ ሳይቀር ያያል። በ1942 አጋማሽ አብዛኞቹ የካናዳ ኮርቬቶች ይህ አልነበራቸውም። የነበራቸው ካናዳ ውስጥ የተሠራ፣ ሞገዱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ራዳር ነው። ትልቅ መርከብና ተራራ ያያል፤ ማዕበል መካከል የተደበቀ ዝቅ ያለ ነገር ግን ያመልጠዋል። አንቴናውን የሚያዞረው ሰው ነው፤ ታች ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ መሪ እያሽከረከረ።

አንቴናው የድሮ ጣራ ላይ የቴሌቪዥን አንቴና ነው የሚመስለው። ከ0.4 ሚሊሜትር የናስ ሽቦ ለመበየድ ተነሣሁ። አንዱን ዘንግ በይጄ ሁለተኛውን ስጀምር የመጀመሪያው ይለቃል። ሙቀቱ በሽቦው ይሄድና የበየድኩትን ያቀልጠዋል። ስታኞውን ቀየርኩ፣ ጫፉን አቀጠንኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ የእንጨት ቁራጭ ላይ ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ቆርጬ ሽቦዎቹን አስተኛኋቸው። የተበየደውን ጎን በእርጥብ ስፖንጅ ሸፈንኩ። ስፖንጁ ሙቀቱን ጠጣው። አሁን ቀጥ ብሏል። ናስ በጠቅላላ 35 ዶላር፤ ለመድፉም ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በ1942 ስለ ካናዳ አጃቢዎች ብዙ ወቀሳ ነበር፤ መርከብ ይጠፋባቸዋል፣ ሥልጠና የላቸውም እየተባለ። ሥልጠናቸው አጭር እንደነበር እውነት ነው። ግን ይህን ሽቦ በእጄ ይዤ ሳየው ወቀሳው ግማሹን ብቻ እንደሚናገር ይሰማኛል። ዘገምተኞቹን ኮንቮዮች፣ ማለት በቡድን የሚጓዙ የንግድ መርከቦችን፣ አጅቡ ተባሉ። አዲሱ ዕቃ ሁልጊዜ መጀመሪያ ለእንግሊዞቹ ነበር የሚደርሰው። ኮምፓሳቸው እንኳ ማግኔት ነበር፤ ማግኔት የማይነካው ጃይሮ ኮምፓስ አልነበራቸውም። የጥልቀት ቦምብ ሲፈነዳ መርፌው ይዋዥቃል። በዚያ ኮምፓስ ነው ከውኃ ሥር ያለ ነገር አሳዱ የሚባሉት።

የጃንዋሪ መጨረሻ። 40 የጥልቀት ቦምብ

የጥልቀት ቦምብ በርሜል ነው። ወርዱ 45 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 70። በ72 ሲካፈል 6.3 በ9.7 ሚሊሜትር። የ6 ሚሊሜትር ክብ የእንጨት ዘንግ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ሜትር ዘንግ ከሁለት ዶላር በታች። ማቆሚያ ያለው ትንሽ መቁረጫ ሳጥን ሠራሁ፤ ሁሉም እኩል 10 ሚሊሜትር ሆነው ወጡ። መጀመሪያ ላይ ኮርቬቶች የሚይዙት 40 ገደማ ስለነበር 40 ቆረጥኩ። ጫፋቸውን በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ጥቁር ግራጫ ቀለም። ለማድረቅ የጥርስ መፋቂያ እንጨት ላይ ተሰክተው ካርቶን ላይ ቆሙ። ትንሿ ልጄ ቆጥራ 39 ናቸው አለችኝ። አርባኛው የቫኩም ክሊነር ሆድ ውስጥ ተገኘ።

የሚጣሉት በሁለት መንገድ ነው። ከኋላዋ ባሉት ሁለት ሐዲዶች እየተንከባለሉ፣ ከጎኗም በመወንጨፊያ። እያንዳንዱ 130 ኪሎ ገደማ ፈንጂ አለው። የሚፈነዳበት ጥልቀት አስቀድሞ ይሞላል፤ የውኃው ግፊት ራሱ ያፈነዳዋል። ጣጣው አስዲኩ ነው፤ ሶናር የምንለው። ድምፅ ወደ ፊት ይልካል፣ ሲመለስ ይሰማል። ነገር ግን መርከቧ ሰርጓጁ አናት ላይ ስትቃረብ ድምፁ ይጠፋል። የመጨረሻዎቹ ሜትሮች በግምት ናቸው። ቦምቡ ደግሞ የሚወድቀው ከኋላ ነው፤ እስኪሰምጥ ሰርጓጁ ይታጠፋል። መርከቧም ፍጥነት ካልጨመረች የራሷን ቦምብ ትቀምሳለች። ሙሉ ፍጥነቷ 16 ኖት (በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። የጀርመኖቹ ዓይነት 7 ሰርጓጅ ውኃ ላይ ወጥቶ ሲሮጥ ከ17 በላይ ይሄዳል። አሳዳጁ ከሚሳደደው ይዘገያል ማለት ነው።

ወደ ፊት 24 ትንንሽ ቦምቦች የሚተፋው ሄጅሆግ ይህን ችግር ቀለል አድርጎታል። በ1942 ሳክቪል ላይ ስለሌለ አልሠራሁትም። ፕላኑ ላይ አለ፤ በቀይ እርሳስ ሰረዝኩት።

አሁን ውጊያው። ኮንቮይ ኦኤን 115፣ ከእንግሊዝ ወደ ሰሜን አሜሪካ ባዶ የሚመለሱ መርከቦች። አጃቢው ሲ-3 የሚባለው የካናዳ ቡድን፣ ሳክቪል ከእነሱ አንዷ። ጁላይ 31፣ 1942 ስኪና እና ወታስኪዊን የተባሉት ሁለት መርከቦች ዩ-588 የተባለውን የጀርመን ሰርጓጅ አብረው አሰጠሙ። በዚያ አደን መካከል የተለዋወጡት መልእክት እኛን የሚመስል ነው። አንዷ «የሐዋርያት ሥራ 16፥9» ብላ ላከች። የወዲያኛዋ መርከብ ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው አዩ፦ ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን። መልሱ «ራእይ 13፥1» ነበር፤ አውሬ ከባሕር ሲወጣ የታየበት። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

የሳክቪል ተራ ኦገስት 3 ሌሊት መጣ። አዛዧ አለን ኢስተን ነበር። ጭጋግ ነው። ሰርጓጅ ውኃ ላይ አገኙ፤ ሊገጩት ሮጡ፤ ሰመጠ። ቦምቦቹን ጣሉ። ሰርጓጁ አፍንጫውን ወደ ላይ ቀስሮ ከውኃ ወጣ፤ ከዚያ ተንሸራቶ ተመለሰ። ያለቀለት መስሏቸው ነበር። ዩ-43 ግን ተጎድቶ አመለጠ። ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሳክቪል ከሦስት ሰርጓጆች ጋር ተጋጠመች። አንዱንም አላሰጠመችም። የዚህ ታሪክ ቁጭት እዚህ ጋ ነው፤ የ271 ራዳር ቢኖራት ኖሮ የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም ያንን ፋኖስ ሳልሠራ ስተወው ከእነሱ ጋር ነኝ።

ፌብሩዋሪ። መድፉ

ዋናው መድፍ 4 ኢንች ነው። አፈ ሙዙ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ በሞዴሉ 6.3 ሴንቲሜትር። ከናስ ዘንግ በትራፓኖ ላይ አስሬ፣ በሞረድ እያሾልኩ አወጣሁት። ሌዝ ማሽን የለኝም፤ ትራፓኖውን ሞርሳ ላይ አስሮ መጠቀም ይቻላል፣ ዓይንን መሸፈን ነው ብቻ። ጋሻውን ከናስ ላሜራ አጠፍኩ። ያምራል። በጣም ያምራል።

ሲመዘን 41 ግራም ሆነ።

41 ግራም ምን አላት ይባል ይሆናል። ከመርከቧ ሁሉ ከፍ ብሎ፣ አፍንጫዋ ላይ ነው የሚቀመጠው። ጋሼ በስልክ «ከላይ የከበደች መርከብና ከላይ የሰከረ ሰው አንድ ናቸው» አሉኝ። ጋሻውን በፕላስቲክ ደግሜ ሠራሁት፤ አፈ ሙዙ ብቻ ናስ ሆኖ ቀረ። 17 ግራም። የናሱ ጋሻ መደርደሪያ ላይ ነው።

ይህ መድፍ ዩ-552ን የመታው ዓይነት ነው። በዚያው ውጊያ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ በቅርብ ርቀት ድንገት ተገናኙ። አንድ ጥይት የሰርጓጁን ማማ ሥሩ ላይ አገኘው። የዩ-552 አዛዥ ኤሪክ ቶፕ ነበር፤ በኦክቶበር 1941 የአሜሪካኑን ሩበን ጄምስ ያሰጠመው ሰው። አሜሪካ ገና ጦርነት ሳትገባ። የጀርመን ታዋቂ አዛዥ በአንዲት ዘገምተኛ ኮርቬት፣ በአሮጌ መድፍ ተመትቶ በመከራ ፈረንሳይ ገባ። ጥይቱ 14 ኪሎ ይመዝናል፤ በምትዋልል መርከብ ላይ በእጅ ነው የሚሞላው። እንደኔ ከሆነ ከቦምቡ ይልቅ ይህ ነው የሚገርመው።

ማርች። ቀለም

መደቡ ነጭ፣ ላዩ ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊና አረንጓዴ። ነጭ ለጦር መርከብ ሞኝነት ይመስላል። ሐሳቡ የፒተር ስኮት ነው፤ የአእዋፍ ተመራማሪና ሠዓሊ የነበረ የእንግሊዝ መኮንን። የሰሜን አትላንቲክ ሰማይ ሌሊትም ቢሆን ከመርከብ ይልቅ ብሩህ ነው። ጥቁር መርከብ ጎልቶ ይታያል፤ ነጩ ይጠፋል። ልጄ ክፍል ውስጥ መብራት አጥፍቼ መጋረጃው ላይ ሞከርኩት፤ ይሠራል።

ጭስ ማውጫው የቧንቧ ሥራ ላይ የምንጠቀምበት የሦስት አራተኛ ኢንች ፒቪሲ ቱቦ ነው፤ የውጭ ወርዱ 26.7 ሚሊሜትር። ላዩ ላይ የቡድኑ ምልክት፣ ቀይና ነጭ ሰያፍ መስመር፣ የፀጉር አስተካካይ ቤት ምሰሶ ላይ እንዳለው። ዛሬም የካናዳ የአትላንቲክ መርከቦች ላይ ይታያል። ሰያፉን ቱቦው ላይ በዓይን ልለጥፍ ብዬ ማስኪንግ ቴፑ ዞሮ ሲመለስ አልገጠመም። ዙሪያው 84 ሚሊሜትር ነው። 84 ሚሊሜትር ወረቀት ላይ መስመሮቹን እኩል ከፍዬ ሣልኩ፣ ጠቀለልኩት፣ ገጠመ። ቀለም 55 ዶላር። ዝገቱ ነጻ ነው፤ ከሻይ ቅጠልና ቡናማ ቀለም።

ኤፕሪል። ሚዛንና ውኃ

እውነተኛዋ 950 የእንግሊዝ ቶን (965 ሺህ ኪሎ) ገደማ ናት። በ72 ሦስት ጊዜ ሲካፈል 2.6 ኪሎ ይመጣል። የኔዋ ከነሞተሯ፣ ከነባትሪዋ፣ ከነላይኛው ሥራ 1.96 ኪሎ ሆነች። የቀረውን 640 ግራም በእርሳስ ሞላሁ። ሰፈራችን ያለ ጎሚስታ የወዳደቁ የጎማ ሚዛን እርሳሶችን በነጻ ሰጠኝ። ባትሪው ሊትየም አይደለም፣ ኒኬል ነው፤ ይከብዳል፣ እዚህ ደግሞ መክበዱ ጥቅም ነው። ሞተሩ፣ መቆጣጠሪያውና ዘንጉ 80 ዶላር፤ ሪሞቱ አሮጌ፣ 60።

ገንዳ ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። በረዶው ሲቀልጥ ዳርትመዝ፣ ሱሊቫንስ ፖንድ ወሰድኳት። ነፋስ ነበር። ሞዴል ሞገዱን እንደ እውነተኛዋ እንድትጋልብ ፍጥነቷ በ72 ሳይሆን በ72 ስኩዌር ሩት ነው የሚካፈለው። 16 ኖት በሴኮንድ አንድ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሰው እርምጃ ትንሽ ዘግየት ያለ። ሞተሩ ግን ጠንካራ ነውና እንደ ስፒድ ጀልባ ተወረወረች። ልጆች አጨበጨቡ፤ እኔ አፈርኩ። ሪሞቱ ላይ የከፍተኛውን ገደብ ወደ 40 በመቶ አወረድኩት።

ከዚያ ስትታጠፍ ተጋደመች። ትመለሳለች፤ ግን እያንዳንዱ ትንሽ ሞገድ ከጎን ሲመታት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ያ ዝቅ ያለ ወለል በውኃ ሞላ። የጋሼ ቀዳዳዎች አፈሰሱት፤ ቀስ ብለው ግን። ቤት ስመለስ ቀዳዳዎቹን በሞረድ አሰፋሁ። ከሆዷ ሥር ግራና ቀኝ 5 ሚሊሜትር ወርድ ያላቸው የፕላስቲክ ክንፎች ለጠፍኩ። እውነተኞቹ ኮርቬቶችም መንገላታቱ ሲበዛ ከሥር ያሉት ክንፎቻቸው እንዲሰፉ ተደርጓል። እርሳሱን ወደ መሃልና ወደ ታች አወረድኩ። በሚቀጥለው ጊዜ መጋደሟ ቀነሰ። መንገላታቷ አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈልግም።

ሜይ። ወደቡ ላይ

የሜይ የመጀመሪያው እሑድ እዚህ የአትላንቲክ ውጊያ መታሰቢያ ነው። ሳክቪል ዛሬም ሥራ አላት። ያረፉ የባሕር ኃይል አባላት አመድ ባሕር ላይ የሚበተነው በእሷ ነው።

ለጎብኚ ስትከፈት በሜትር ልለካ ሄድኩ፤ በእርግጥ የምለካው ያልተቀየረውን ብቻ ነው። የኋላ ሐዲዶቹን፣ የመሰላሉን እርከን፣ የመስኮቶቹን ወርድ። አፍንጫው ውስጥ ገባሁ። ጣራው ራሴን ይነካል፤ እኔ ረጅም አይደለሁም። አሁን በ1944ቱ የረዘመ ወለል ሥር ከወጥ ቤት እስከዚህ ሳይረጥቡ መምጣት ይቻላል። ይህ ለውጥ የተሠራላት በ1944 መጀመሪያ ላይ ጋልቨስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሴፕቴምበር 1943 አለ። ጀርመኖቹ የፕሮፔለር ድምፅ ተከትሎ የሚሄድ ቶርፔዶ ይዘው መጡ። ኦኤንኤስ 18 እና ኦኤን 202 የተባሉት ኮንቮዮች ላይ ነበር የሞከሩት። ሳክቪልም እዚያ ነበረች። የካናዳዋ ሴንት ክሮይ ተመታች። ከባሕር የተረፉትን የእንግሊዟ ኢቸን አነሣቻቸው። እሷም ከሁለት ቀን በኋላ ሰመጠች። ከሴንት ክሮይ ሰዎች በሕይወት የተመለሰው አንድ ብቻ ነው።

ሳክቪል አዲሱን መልኳን ለብሳ ብዙ አልተዋጋችም። ቦይለሯ ተበላሸና በ1944 ከውቅያኖስ አጀብ ወጣች፤ ማሠልጠኛ ሆነች፣ በኋላም የወደብ መከላከያ ገመድ ዘርጊ። ከጦርነቱ ቀጥሎ እህቶቿ ለብረት ሲሸጡ እሷ የባሕር ምርምር መርከብ ሆና እስከ 1982 ሠራች። ያዳናት ሳይንስ ነው። ያ ባይሆን ዛሬ የምለካው ነገር አልነበረም።

የተረፈው ሥራ። ሁለቱ የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎች መስቀያቸው አልተሠራም። የምሰሶው ገመድ በጥቁር ክር ተጀምሯል፤ ክሩ ሲረጥብ ይላላል፣ ስለዚህ በዓሣ ማጥመጃ ናይለን እቀይረዋለሁ፣ 0.2 ሚሊሜትር። ፕሮፔለሩ አነስተኛ መሆን አለበት። ያለ መሣሪያዎቹ እስካሁን የወጣው 410 ዶላር ገደማ ነው። ጋሼ ባንዲራውን እኔ እሰፋዋለሁ ብለዋል፤ የ1942ቱ ነጩ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባንዲራ መሆኑን ስነግራቸው ግን «እሱን በቀለም ሳለው» ብለው ተዉት።